ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ የምመሰክረው ነገር አለኝ። መሪያችን «እማማ ጥሩዬ፣ በአሥር ደቂቃ ይጨርሱ» ብሎኛል፤ እኔም እሞክራለሁ አልኩት እንጂ እሺ አላልኩትም። ስለዚህ ማንም ሰዓት እያየ አይቁነጥነጥብኝ።

የተነሣሁት ተናድጄ ነው። ለምስጋና ቆሞ መናደድ ነውር ነው የሚል ካለ ጨርሼ ስቀመጥ ይምከረኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደጄ እንግዳ አጥቶ አያውቅም። አንዱ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ዶሮ አቅፋ ትመጣለች። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፤ «እማማ፣ ባንክ ውስጥ ሰው አለዎት አሉ።» ከመጡት ሁለቱ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አዎ፣ ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ። ማን እንደ ሆነ ዛሬ በጉባኤ ፊት እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ዶሮ ይዞ የሚመጣ እንዳላይ።

ቅዱሳን፣ እኔ ክረምት ሲገባ ውኃው እደጃፍ ድረስ በሚመጣበት በፎገራ ሜዳ ተወልጄ ወረታ ላይ ያረጀሁ ሴት ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማንበብ ግን አያቅተኝም። በተለይ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሳላነብ አላልፍም። ይህ አመል የያዘኝ ከልጄ ከአበባ ወዲህ ነው።

አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ለአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ተወዳደረች። ሰኞ ውጤቱ ተለጠፈ። ስሟ ከሁሉ በላይ ነበር፤ በዓይኔ አየሁት፣ ጎረቤት ጠርቼ እልል አልኩ። ረቡዕ ብናልፍ ያ ወረቀት ተልጦ በቦታው ሌላ ተለጥፏል። ሙጫው እንኳ ገና አልደረቀም። የአበባ ስም የለም። ቢሮ ገብቼ ብጠይቅ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሰው ነበራት?» አለኝ። እኔ እናቷ ነኝ አልኩት። «እሱን አላልኩም» አለኝ።

አያችሁ? በአገራችን እናት ሰው አይደለችም። ሰው ማለት ሌላ ነው።

አበባ ሕፃኗን ስመኝን ገና ጡት እንደ ተወች ለእኔ ትታ ዓረብ አገር ሄደች። ታማ ተመለሰች፣ ዓመት ሳይሞላት ቀበርኳት። የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ የገደላት ግን ያ ወረቀት ነው እያልኩ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ ውስጤ እሳት ነው። ወፍጮ ቤት ተራ የሚያልፍ ካየሁ ጆንያውን ጎትቼ ደጅ እጥል ነበር። አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ ጆንያችሁ የተጣለባችሁም አላችሁ። ተራ ማስከበሩ ጥሩ ነበር፤ አሁንም አስከብራለሁ። ክፋቱ ቤቴ ገብቼም አልበርድም ነበር። እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ይወጋኝ ጀመር። ሐኪሙ ደሜን ለካው፤ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ደግሞ ለካው። «እማማ፣ ኪኒኑን ይዋጡ፣ ጨው ይቀንሱ፤ ደግሞ የሚያናድድዎትን ነገር ይተዉ» አለኝ። «ወረታን ለቅቄ ልሂድ?» አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

የእግዚአብሔርን ቤት የማላውቅ ነበርኩ አልልም። ጣራ ገዳም ድረስ በእግሬ ወጥቼ ተስያለሁ፣ ጾም ሽሬ አላውቅም። በዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ ሰንበት፣ መጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው የበሽተኛው ወንጌል ሲነበብ ስንት ዓመት ቆሜ ሰማሁ። ጥፋቱ ያነበቡልኝ ሰዎች አይደለም። ጆሮዬ ከእነሱ ጋር ነበር፤ ልቤ ደጅ ቆሞ ከዚያ ከቢሮው ሰው ጋር ይጣላ ነበር።

ስመኝ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ጌታ ይክበር፣ በሒሳብ አያያዝ ተመረቀች። ስትመለስ ግን ሌላም ነገር ይዛ መጣች። ጌታን ተቀብያለሁ አለችኝ። ከቤቴ አላስወጣኋትም፤ ከልቤ ግን አስወጥቻት ነበር። ስትጸልይ ድስት አንኳኳለሁ። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔ ደግሞ ትልቁን ድስት አነሣለሁ።

በዚህ መካከል አንድ ትልቅ ባንክ ማስታወቂያ አወጣ። ስመኝ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች፤ ባሕር ዳር ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። አሥር ቀን ነበራት። ጠዋት ማታ ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ፊት ቆማ ለራሷ ታወራለች። ሥራ አጥታ አበደች እንዳይሉን ብዬ ፈራሁና «ነይ ተቀመጪ፤ እኔ ልጠይቅሽ» አልኳት። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ከደጅ አንኳኩታ ገባች።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» አልኳት፤ ነገረችኝ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን አስነሣኝ። «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ይላል። ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ላሚቱ ትራገጣለች እያለ ገበያ የሚያወጣት ማን አለ?

ስመኝ ሳቀችብኝ። «እምዬ፣ አንቺ ራስሽ ቦራዋን ስትሸጪ ግራ ጡቷ ደረቅ ነው ብለሽ ለገዢው አሳይተሽ የለ?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ የላሟን ነውር ደብቆ የሸጠ ሰው በማግስቱ ላሚቱ እየተጎተተች ደጁ ትመለስበታለች። እንግዲያው ነውርሽን ተናገሪ አልኳት። ነውሯ ምን እንደ ሆነ ግን ያን ቀን አልነገረችኝም።

ወገኖቼ፣ ልጅቱ እንዲህ ስትለፋ እኔ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር የምሰማው ምን ነበር? ወፍጮ ቤት፣ «ስመኝ ለባንክ ተጠራች አሉ፤ ሰው አላት?» መናኸሪያ፣ «ሰው አላት?» ለቅሶ ቤት፣ ሬሳው ሳይወጣ፣ «ሰው አላት ወይ?» ፈተናውን ስንት አመጣች ያለኝ አንድም የለም። ያ ቃል ጆሮዬ በገባ ቁጥር የአበባ ወረቀት ዓይኔ ላይ ይመጣል። ይቺንም ይወስዱብኛል አልኩ። ሃያ ዓመት የረገምኩትን ነገር ልሠራ ተነሣሁ።

የባሌ የአጎት ልጅ አያ ዘለቀ የሚባል አለ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ተቀምጦ የሰው ጉዳይ ሲያስፈጽም ነው የሚውለው። እሱ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ካሰበ በኋላ ደሳለኝ የሚባል ሰው አለ አለኝ። «የባንኩ በር በእሱ እጅ ነው። እሱ ካልፈቀደ ሥራ አስኪያጁም አይገባ። ብቻ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ።»

ቅቤ አነጠርኩ። ለስመኝ ሐሙሲት ለቅሶ አለብኝ ብዬ ዋሸኋት። ቅቤውን በዘንቢል አድርጌ የባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መንገዱን ሁሉ ለአቶ ደሳለኝ የምለውን አጠናሁ። ስመኝ ለቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ እኔም እንዲያ ተዘጋጀሁ።

ባንኩ ደጃፍ ስደርስ አንድ ጠና ያለ ጥበቃ አስቆመኝ።

«እናቴ፣ ዕቃዎን ልየው።»

«የትልቅ ሰው ዕቃ ነው፤ አይነካም።»

«የየትኛው ትልቅ ሰው?»

«የአቶ ደሳለኝ።»

«አቶ ደሳለኝን ለምን ፈለጓቸው?»

«በሩ በእጃቸው ነው ተብዬ ነው።»

ሰውዬው የብረቱን በር ያዘና ከፈተው። ዘጋው። ደግሞ ከፈተው። «ደሳለኝ እኔ ነኝ፤ በሩም ይኸው» አለኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ክንዴን ደገፈና በበሩ ጥግ ጥላ ውስጥ አስቀመጠኝ። እዚያው አንዲት ልጅ ማስረጃዎቿን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ጫማዋ አቧራ ነው። ስሟን ጠየቅኋት፤ ዝናሽ አለችኝ። ከአንበሳሜ ነው የመጣችው፤ የማስረጃዎቿን ዋና ቅጂ እንድታሳይ ተጠርታ። እሷም እንደ ስመኝ ለዚያው ሥራ፣ ለዚያው ቃለ መጠይቅ ነው።

አሁን ከአፌ የወጣውን ስሙ። እኔ፣ ጥሩዬ፣ የአበባ እናት፣ ያቺን ልጅ ምን አልኳት? «ሰው አለሽ?» አልኳት።

«የለኝም፣ እማማ» አለችኝ። «ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት።»

ወንድሞችና እህቶች፣ የዚያ የቢሮው ሰው ድምፅ ከእኔ አፍ ወጣ። ሃያ ዓመት የጠላሁት ድምፅ። ዘንቢሉን አየሁት። ወረቀቱን ልልጥ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። የማንን ስም ልልጥ ነበር? የዚህችው እናቷ ብቻ ያለቻት ልጅ ስም ነው። ያ ሰው እኮ ወረቀቱን ሲልጥ አበባን አያውቃትም። እኔ ግን ዝናሽን አየኋት፤ ጫማዋን አየሁት።

ጋሽ ደሳለኝ ሰምቶናል። ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለና እንዲህ አለኝ፤ «እማማ፣ ያ መጠመቂያው ዳር የተኛው በሽተኛ ሰው የለኝም ብሎ የነገረው ለማን እንደ ሆነ ያስታውሳሉ?»

«ለጌታ ነው» አልኩት።

«ጌታ እፊቱ ቆሞ ሳለ ሰው የለኝም ይላል። እኔም እንዲያ ስል ኖሬ ነው።» ከዚህ ሌላ አልሰበከኝም። ዘንቢሉን ሸፈነልኝና «ይመልሱት፣ ፀሐይ ሳይገባበት» አለኝ።

ፀሐይ ገባበት። ሚኒባሱ ውስጥ ቅቤው ቀልጦ በቀሚሴ ወረደ፤ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ከፈተ። ወረታ ስወርድ የመናኸሪያው ውሻ እስከ ቤቴ ሸኘኝ። ኃጢአት ሽታ የለውም የሚል ሰው እኔን ይጠይቅ።

ስመኝ ከደጅ አየችኝ። ለቅሶ ቤት በቅቤ አይኬድም፤ መዋሸት አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እምዬ፣ አገሩ ሁሉ ሰው አላት ወይ ሲል አልከፋኝም» አለችኝ። «እኔ ልጅሽ ብቻዬን በቂ አይደለሁም ያልሽው ግን አንቺ ነሽ።»

እኔ በዕድሜዬ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንዴት ልጠይቅ? ሁልጊዜ የተበደልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን በዳይ ሆኜ ቆምኩ፤ እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ያዘችኝ። «ያን ድስት የማንኳኳበትን ጸሎት ጸልዪልኝ» አልኳት። ጸለየችልኝ። ቀጥዬ እኔ ራሴ አፌን ከፈትኩ፤ ያልኩትን አልረሳውም። ጌታ ሆይ፣ እኔም ሃያ ዓመት እዚያ ሰሌዳ ሥር ተኝቼ ኖሬአለሁ፤ ሰው የለኝም ስል አንተ እፊቴ ቆመህ ነበር፤ አሁን አንሣኝ አልኩት። አነሣኝ። ክብር ለስሙ ይሁን። እስከ ጠዋት ሳልነቃ ተኛሁ፤ ከአበባ ሞት ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።

በቀሩት ቀናት ሁለታችንም ደህና አድርገን ተዘጋጀን። ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ አንኳኩታ ትገባለች፣ እኔ ፊቴን አጠቁራለሁ። ስትንተባተብ «እደጅ ውጪና እንደ ገና ግቢ» እላታለሁ። ቀኑ ደረሰ፤ ሄደች። ማታ መጥታ የሆነውን ነገረችኝ። ያን የነውር ጥያቄ ጠይቀዋታል። «ፍርድ ሲጓደል ቶሎ እናደዳለሁ፤ ከአያቴ የወረስኩት ነው። አሁን ሁለታችንም እየታረምን ነው» ብላ መለሰች። በባንኩ ውስጥ የምታውቂው ሰው አለ ወይ ብለዋታል። «በሩ ላይ ያሉትን ጋሽ ደሳለኝን» አለቻቸው። ከጠያቂዎቹ አንዱ ብዕሩ እስኪወድቅ ሳቀ አሉ።

ሰኞ ውጤት ተለጠፈ። የተፈለጉት አምስት ናቸው። አምስተኛዋ ዝናሽ ናት። ከመስመሩ በታች፣ አንደኛ ተጠባባቂ፣ ስመኝ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ከጸለያችሁ በኋላ?» ብላችኋል በልባችሁ። እኔም ብያለሁ። ስመኝ አለቀሰች፤ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በዚህ ሰዓት አያ ዘለቀ ሳይጠራ ገባ። ስለ ደሳለኝ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ፤ «ውሸት ነው? በሩ በእጁ አይደለም?» አለኝ። ከዚያ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። አሁን ግን የበር ያልሆነ፣ የውስጥ እውነተኛ ሰው አግኝቻለሁ አለ። «አምስተኛዋ የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ሰው የላትም። ስሟ ከወረቀቱ ቢነሣ የሚጮህላት የለም። ቀጥሎ ያለችው ደግሞ የእኛ ናት። አንድ ቃል ነው የሚበቃው።»

ስመኝ ዕንባዋን ጠርጋ እኔን አየችኝ። ቅዱሳን፣ ቀላል ነበር እንዳትሉ። ያቺ ልጅ የአበባ ዓይን ነው ያላት። ከእናቷ የተወሰደው ሊመለስላት አንድ ቃል ብቻ ቀረ። እንዲያውም ፍርድ ነው፣ ካሣ ነው የሚል ነገር በልቤ ሽው አለ። ከዚያ ያ አቧራ የለበሰ ጫማ ታየኝ።

«አያ ዘለቀ» አልኩት፣ «ያቺ ልጅ ሰው አላት።»

«ማን አላት?»

«እኔ አለሁላት። ስሟ ከዚያ ወረቀት ላይ ቢነሣ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ የምጮኸው እኔ ነኝ። ያስነሣውንም ስሙን እየጠራሁ እጮሃለሁ፤ ታውቀኛለህ።»

ያውቀኛል። ቆቡን እንኳ ረስቶ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት ባሕር ዳር ሄድኩ። ለምን ረቡዕ እንደ ሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ወረቀቱን በጣቴ ነካሁት፣ ሙጫው ደረቅ ነው። ያው ወረቀት ነው። ጋሽ ደሳለኝ ከበሩ «እማማ፣ ምን ያነባሉ?» አለኝ። «ሰኞ የተጻፈውን» አልኩት። ሰኞ የተጻፈው ረቡዕም ነበረ፤ ሃሌሉያ። እዚያው ቆሜ እልል አልኩ። ለሌላ ሰው ልጅ፣ እኔ ባሳደግኳት ልጅ ቦታ ላይ ለተቀመጠችው ለዝናሽ፣ እልል አልኩ። ያን ጊዜ ነው የተፈወስኩት። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲለካኝ «ምን አደረጉ?» አለኝ። ያን የቢሮውን ሰው ይቅር አልኩት አልኩ። ኪኒኑን ግን አይተዉ ብሎኛል፤ አልተውኩም። እናንተም አትተዉ።

ሁለት ወር ቆይቶ ከአምስቱ አንዱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ቀረ፤ ተጠባባቂዋ ስመኝ በደንቡ ተጠራች። አሁን እየሠራች ነው፤ ጌታ ይባረክ። ዝናሽም እዚያው ናት፤ ምሳ አብረው ይበላሉ። ያን ቀን ግን አገሩ ምን አለ? «ሰው አላት።» ልጅቱ መስታወት ፊት የቆመችበት አሥር ቀን ጠፋ፣ ያነበበችው ጠፋ፤ ሰው አላት ተባለ። በዓለም ቢሆን እሺ። ከዚህ ወንበር ተነሥቶ ዶሮ ይዞ ሲመጣብኝ ግን ደሜ እንደ ገና ወጣ። ጌታ ንዴቴን አልወሰደብኝም፣ ወገኖቼ፤ ሥራ ሰጠው እንጂ። ከመካከላችሁ ቢሮ ያላችሁ፣ ማኅተም ያላችሁ፣ ወረቀት የምትለጥፉ፣ ሰኞ የለጠፋችሁትን ረቡዕ መጥቼ አነባለሁ።

ይኸው አሥር ደቂቃዬ አለፈ። ሰው የለኝም የምትል፣ ሰው የለኝም የምትዪ፣ እኔ ያን ያህል ዓመት ተኝቼ ያላየሁትን አንተ ዛሬ እይ፣ አንቺም እዪ። እፊታችሁ ቆሟል። ስሙ ኢየሱስ ነው። በሩ በእጁ ነው፤ ቅቤ ግን አይቀበልም።